የጾም ቀን ራት በአንድ ድስት

መተማ በተባለ ጊዜ የብዙ ሰው አሳብ ወደ ጦርነትና ወደ ንግድ ይሄዳል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁት በዚያ ነው፤ ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወርደውም መንገድ የሚያልፈው በዚያ ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ ጦርም ስለ ንግድም ልናወሳ አልተነሣንም። የምንናገረው ቀኑን ሥራ ውላ ማምሻውን ወደ ቤቷ የምትገባ እናት፣ ያውም በጾም ቀን፣ ለቤተ ሰቧ በቶሎ ልታቀርበው ስለምትችለው ራት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የቤት ሰላም ብዙ ጊዜ የሚጸናውም የሚናወጠውም በእንዲህ ያለው ትንሽ ነገር መሆኑን አንባብያን አይስቱትም።

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ፣ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ፣ ገንዳ ውኃም ወደምትባለው ወደ ሸሕዲ ወርደን በዘመድ ቤት ጥቂት ቀን ሰንብተን ነበር። ጊዜው ሰሊጥ ከእርሻ ወደ ከተማ የሚገባበት ወራት ነው። ነዶው ታስሮና ቆሞ ደርቆ፣ ተገልብጦ ተራግፎ፣ በጆንያ በጆንያ እየሆነ በጭነት መኪና ይመጣል። የቤቱ ጌታ በእርሻው ላይ ነበር። የቤቱ እመቤት ደግሞ ቀኑን በመጋዘን ሰሊጥ ስታበጥርና ስትለቅም ትውልና ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትመለሳለች። በቤት የሚቆዩት አማቷና ሦስቱ ሕፃናት ናቸው።

በዚያ ሰሞን በዋለው ረቡዕ ማታ እንጀራ አልቆ ነበር። እመቤቲቱ እግሯን ሳታሳርፍ ከሰል አቀጣጠለች፤ በአንዱ ድስት ውኃ ጣደች፤ ውኃው እስኪፈላ ሽንኩርት ከተፈች። ማንደጃው አንድ ብቻ ስለ ነበረ ፓስታው ከተቀቀለ በኋላ ውኃውን ደፍታ፣ ፓስታውን በሌላ ዕቃ ገልብጣ፣ እንደገና ለሱጎው ሌላ ድስት መጣድ ነበረባት። ራቱ ሲቀርብ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ፓስታው ቀዝቅዞ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ሱጎውም ዘይትና በርበሬ ብቻ ነበር። ትንሹ ልጅ ሳይበላ እንቅልፍ ወስዶታል። አማቲቱ ሳሕኑን አይተው፣ «እንጀራ ያልቀረበበት ራት ደግሞ ምን ራት ይባላል?» አሉ። ምራታቸው ምንም አልመለሰችም። እኛም አንገታችንን ደፋን፤ ዝምታዋ ከመልስ ይልቅ ከብዶብን ነበርና።

በዚያች ሌሊት ስናወጣና ስናወርድ አንድ ነገር ታየን። ይህች እናት ቀኑን ሙሉ እጇ ከሰሊጥ ሳይወጣ ይውላል፤ ከማእዷ ላይ ግን ሰሊጥ አንድ ፍሬ እንኳ አይገኝም። ምክንያቱን በማግሥቱ ብንጠይቃት፣ «ሰሊጥ እኮ ለገበያ ነው» አለችን። እውነቷን ነው። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው፤ ወደ ቻይና፣ ወደ እስራኤልና ወደ ሌሎችም አገሮች ይጫናል። ነገር ግን ከአንድ ጆንያ ላይ አንድ ብርጭቆ ቢቀነስ ገበያው አይጐድልም፤ ማእዱ ግን ይሞላል። ከ100 ግራም ሰሊጥ ውስጥ 50 ግራም ያህሉ ዘይት፣ 18 ግራም ያህሉም ሰውነትን የሚገነባ ፕሮቲን ነው። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል በማይነካበት ቀን ከዚህ የተሻለ የሚያወፍርና የሚያጠግብ ነገር በቆላ ወዴት ይገኛል?

ስለዚህ ዓርብ ማታ እኛው ራሳችን ወደ ማንደጃው ቀረብን። አሳባችን ፓስታውን በዚያው በሱጎው ድስት ውስጥ ቀቅለን፣ የተወቀጠ ሰሊጥ በውኃ በጥብጠን ጨምረንበት፣ ወተት የገባበት የሚመስል ለስላሳ ራት ማውጣት ነበር። አሳቡ መልካም፣ አሠራራችን ግን ችኩል ነበር። የሰሊጡን ውኃ ከፓስታው ጋር አንድ ላይ አፍልተነው ስለ ነበር ተለያየ፤ ዘይቱ ወደ ላይ ወጣ፤ የቀረው እንደ ተቋጠረ አይብ እየተንጓለለ ከታች ተቀመጠ። ሕፃናቱ በሉት፤ እኛ ግን አፈርን።

በዚህ ጊዜ አማቲቱ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡና ድስቱን አዩ። ከዚያም፣ «ሰሊጥ እሳት አይወድም። እኛ በልጅነታችን የሰሊጥ ፍትፍት ስንሠራ ከምድጃው አውርደን እንጂ እሳት ላይ እንዳለ አንነካውም ነበር» አሉን። ወደ ምራታቸውም ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ነይ፤ በሚቀጥለው ረቡዕ እኔ እወቅጥልሻለሁ» አሏት። ምራታቸውም፣ «እሺ እማማ» ስትል ፊቷ ሲፈታ አየን። በተባለው ረቡዕ ሙቀጫው ከማእዘኑ ወጣ፤ ራቱም ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን ቀረበ። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ያን ዕለት የተሠራውን ነው።

ለስድስት ሰው የሚበቃው መጠን ይህ ነው፤ ፓስታ ግማሽ ኪሎ፤ ሰሊጥ አንድ የውኃ ብርጭቆ ሙሉ፣ ይኸውም 150 ግራም ያህል፤ ቀይ ሽንኩርት 2 ራስ፤ ነጭ ሽንኩርት 4 ፍንካች፤ የበሰለ ቲማቲም 3፤ ቃሪያ 1 ወይም 2፤ ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ፤ ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል፤ ሎሚ ግማሽ፤ ለመቀቀያ ውኃ 5 ብርጭቆ፤ ለሰሊጡ መበጥበጫ ለብ ያለ ውኃ አንድ ብርጭቆ ተኩል።

አስቀድሞ ሰሊጡ ከአፈርና ከገለባ ተለቅሞ ይታጠባል፤ ከደረቀም በኋላ በምጣድ ላይ በለዘብተኛ እሳት ይታመሳል። እጅ ከማማሰል አያቋርጥ፤ ሰሊጥ አንድ ጊዜ ካረረ መራራ ነውና። መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲሞላው፣ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ያህል ቢሆነው ነው፣ ፈጥኖ ከምጣዱ ይውጣ። ሲበርድ በሙቀጫ ይወቀጣል። ዱቄቱ ዘይቱን አውጥቶ እንደ ልቁጥ ከተያያዘ በቂ ነው። ከዚያ ለብ ያለው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረበት ይበጠበጣል። በመጀመሪያ ከመቅጠን ይልቅ ይጠጥራል፤ ይህን አይታችሁ አትደንግጡ። ዘይት የበዛበት ነገር ጥቂት ውኃ ሲነካው እንዲህ ያደርገዋል፤ ውኃው ሲጨመርለት ግን ላልቶ ነጭ ወተት መስሎ ይወጣል። ገለባው ጉሮሮ የሚከረክረው ሰው ካለ በወንፊት ይጠለል።

ቀጥሎ ሰፋ ባለ ድስት ዘይቱና ሽንኩርቱ ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ይከተላል። ቲማቲሙ ሲፈርስ አምስቱ ብርጭቆ ውኃና ጨው ይገባል። ውኃው ሲንፈቀፈቅ ፓስታው ከሁለት ተሰብሮ ይጨመራል። ከዚህ በኋላ ድስቱን ትቶ መሄድ አይገባም፤ ውኃው ጥቂት ስለ ሆነ ፓስታው እንዳይጣበቅና ከሥር እንዳይያዝ በየደቂቃው ይማሰል። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ባለው ጊዜ ፓስታው ይበስላል፤ ውኃውም አልቆ ጥቂት ወፍራም መረቅ ብቻ ይቀራል። ፓስታው ሳይበስል ውኃው ቢያልቅ ግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ይጨመርለት።

አሁን የእማማ ትእዛዝ ይመጣል። ድስቱ ከእሳት ላይ ይውረድ፤ ሁለት ደቂቃ ያህልም ይረፍ። ፍላቱ ጸጥ ካለ በኋላ የሰሊጡ ወተት በላዩ ይፈስሳል፤ እስኪዋሐድም ይማሰላል። በድስቱ ሙቀት ብቻ ወፍሮ እያንዳንዱን ፓስታ ይለብሰዋል። የተከተፈው ቃሪያና የሎሚው ጭማቂ በመጨረሻ ይግባ። ሲቆይ ስለሚጠጥር ሳይውል ሳያድር፣ ትኩሱን፣ ከድስቱ ወደ ሳሕን ይቅረብ።

ውኃው የማይደፋበትን ምክንያት ለሚጠይቁን እነሆ እንመልሳለን። ፓስታ ሲቀቀል ከስንዴው ውስጥ ስታርች የተባለው ነገር እየወጣ ከውኃው ጋር ይቀላቀላል። ሱጎን የሚያወፍረውና ከፓስታው ጋር የሚያያይዘው ይኸው ነው። ስለዚህ የፓስታውን ውኃ የደፋች እናት የሱጎዋን ማወፈሪያ አብራ ደፋች ማለት ነው። ከዚህም ጋር አንድ ድስት ብቻ ስለሚጣድ የሚነደው ከሰል ይቀንሳል፤ የሚታጠበውም ዕቃ እንዲሁ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ ከማንደጃ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መነሣት ቀላል ዕረፍት አይደለም።

ደጋ ያሉ አንባቢዎቻችን ግን የሰዓቱን ልክ እንዳለ አይውሰዱት። ሸሕዲ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች በሚገኝ ቆላ ናት፤ ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ቦታው ከፍ ባለ መጠን ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ የሚፈላው ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በደጋ ሦስት ወይም አራት ደቂቃና አንድ ብርጭቆ ያህል ውኃ ይጨመር።

ይህ ነገር ከእኛ ብቻ የተገኘ አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስል፣ በግሪክ አገር ያሉ ኦርቶዶክሳውያንም በዐቢይ ጾም፣ ይልቁንም በስቅለት ዓርብ፣ ታሂኖሱፓ የሚሉትን ሾርባ እንደሚሠሩ እንገልጣለን። ሩዝ ወይም ደቃቅ ፓስታ በውኃ ይቀቅሉና፣ የሰሊጥ ልቁጥ በሎሚና በውኃ አቅጥነው ከእሳት ሲወርድ ይጨምሩበታል። ባሕር ማዶ ያለችው እናትና የሸሕዲዋ አሮጊት ሳይተዋወቁ በአንድ ብልሃት ተገናኝተዋል።

ሦስት ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለዘር ተብሎ በመድኀኒት የታሸ ሰሊጥ ከምግብ ሰሊጥ ጋር በምንም ምክንያት እንዳይቀላቀል፤ መርዝ ነውና ዕቃውም ቦታውም ይለይ። ሁለተኛ፣ የተወቀጠ ሰሊጥ በቆላ ሙቀት ስለሚበላሽ ከሳምንት በላይ አይቀመጥ፤ እሑድ ታምሶና ተወቅጦ በተከደነ ብርጭቆ ዕቃ ቢቀመጥ ለረቡዕና ለዓርብ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ሰሊጥ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፤ ከበላ በኋላ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ያበጠ፣ መተንፈስም ያቃተው ሰው ቢኖር ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ዳግመኛም አይብላ።

በመጨረሻ ለአባወራዎችም አንድ ቃል አለን። ወቀጣው የእናት ዕዳ ብቻ አይሁን። ሰሊጥ የዘራና ያጨደ ክንድ ዘነዘና ለማንሣት አያንስም፤ ልጆችም ሰሊጥ መልቀም ይችላሉ። በዚያ ቤት ራቱ የፈጠነው ድስቱ አንድ ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም፤ እጁ ብዙ ስለ ሆነ ነው።

ያን ረቡዕ ትንሹ ልጅ በልቶ ተኛ። አማቲቱም ሳሕናቸውን ባዶ አድርገው ካስቀመጡ በኋላ፣ «ጨው ጐደለው እንጂ ደኅና ነው» አሉ። ምራታቸው ሣቀች፤ ጨውም አቀረበችላቸው። እርሳቸውም የቀረ እንዳለ ጠየቁ።