ፍሬትቦርድ ጥቁር ካልሆነ አይሆንም ያለው ማነው?

ቤዝ ጊታር የገዛ ሰው አንድ ቀን የሚነሣበት አምሮት አለ። መሣሪያውን አገላብጦ ያያል። ድምፁ ጥሩ ነው፣ አንገቱ አልጎበጠም፣ ፍሬቶቹ አልተበሉም። ጣት የሚያርፍበት እንጨት ግን፣ ፍሬትቦርዱ፣ ገርጥቷል። ቡናማ ነው፤ እንዲያውም ወደ ቢጫ ያደላል። "ርካሽ አስመሰለው" ይላል ባለቤቱ። ከዚያ ጥቁር ቀለም ፍለጋ ይወጣል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የቆዳ ማቅለሚያ በጨርቅ ይቀባል፤ በአልኮል የተበጠበጠ ስለሆነ እንጨቱ ውስጥ ቶሎ ይሰርጋል። ሌላው ዘዴ ከጓዳ አይወጣም፦ የሚዝግ የብረት ጭረት ኮምጣጤ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ ፈሳሹ እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲገናኝ ያጠቁረዋል። እንጨቱ ታኒን ካነሰው አስቀድሞ በወፍራም ሻይ ይታሻል። ቅባታሙ ሮዝውድ በአልኮል ካልተወለወለ ቀለም አልቀበልም ይላል። ቫርኒሽ የለበሰ ሜፕል ደግሞ ቫርኒሹ ካልተፋቀ ቀለሙ ላዩ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። በደንብ ካልተወለወለም መጀመሪያ የሚጠቁሩት ጣትና ሸሚዝ ናቸው። አንዴ የሰረገውን ለማውጣት ደግሞ እንጨቱን መላግ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን? ለድምፅ እንዳይባል፣ ፍሬት ባለው ቤዝ ላይ ክሩ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው፤ የእንጨቱ ቀለም አንዲት ኖታ አይለውጥም። ለክብር እንዳይባል፣ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲሽን ቤዝን ለገበያ ሲያወጣ ፍሬትቦርዱ ነጣ ያለ ሜፕል ነበር። ሮዝውድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ገደማ ነው። የዛሬው ገዢ "ርካሽ" የሚለው መልክ የመጀመሪያው መልክ ነው ማለት ነው። ጃኮ ፓስቶሪየስ እንኳ ፍሬት አልባውን ታዋቂ ቤዙን የጀልባ ኤፖክሲ ሲቀባው ያሰበው ስለ ክሩና ስለ ድምፁ እንጂ ስለ ጥቁረቱ አልነበረም።

ጥቁረት ልክ የሆነው በዞጲ ምክንያት ነው። የትንቢተ ሕዝቅኤል አንባቢ ስሙን ያውቀዋል፦ ከዝሆን ጥርስ ጋር ተጠቅሶ የሚገኝ ውድ እንጨት። የቫዮሊን ሠሪዎች ለዘመናት የፒር እንጨት እያጠቆሩ ዞጲ ሲያስመስሉ ኖረዋል። ጊታር ሠሪዎችም መልኩን ወረሱት፤ ሒሳቡን የከፈለው ግን ጫካው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካው ቴይለር ጊታርስ ከአንድ የስፔን እንጨት ነጋዴ ጋር ሆኖ ያውንዴ፣ ካሜሩን ያለውን ክሬሊካም የተባለ የዞጲ መሰንጠቂያ ገዛ። ከመሥራቾቹ አንዱ ቦብ ቴይለር እዚያ የሰማውን በኋላ በይፋ ተናገረ፦ ቆራጮቹ ድፍን ጥቁር የሆነ አንድ ዛፍ ለማግኘት አሥር ያህል ይጥላሉ። የዞጲ ልብ ድፍን ጥቁር ይሁን መስመር ያለበት ከውጭ አይታወቅም። የሚታወቀው ከተቆረጠ በኋላ ነው። መስመር ሲገኝበት እዚያው ጫካ ውስጥ ተጥሎ ይበሰብሳል፤ ገዢ የሌለውን ግንድ ተሸክሞ ማውጣት አያዋጣማ። እንጨቱ አልደከመም፣ አልተሰነጠቀም። ጥፋቱ ግራጫ መስመር ብቻ ነው።

ቴይለር ጻድቅ አይደለም፤ የሚሸጥ ዕቃ ያለው ነጋዴ ነው። ነገር ግን መስመር ያለበትን ዞጲ በውድ ጊታሮቹ ላይ ሳይቀር እየገጠመ ሸጠ፣ ሰውም ገዛው። ስለዚህ "ገበያው አይቀበልም" የሚለው ሰበብ ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

ሕጉም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ጊብሰን ከማዳጋስካር በመጣ ዞጲ የተነሣ ፋብሪካው በፌዴራል መርማሪዎች ተፈትሾ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ክሱን ለመዝጋት 300,000 ዶላር ቅጣት፣ በተጨማሪም ለተፈጥሮ ጥበቃ 50,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ የሮዝውድ ዝርያዎች ሁሉ በሲቲስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገቡ። ለዚህ ትልቁ ምክንያት የቻይና የቤት ዕቃ ገበያ እንጂ ጊታር አልነበረም፤ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎችም እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ከቁጥጥሩ ነፃ ሆኑ። ግን በመሐሉ ፌንደር በሜክሲኮ ፋብሪካው ወደ ፓው ፌሮ ዞሮ ነበር። ርካሾቹ ስኳየሮች ላይ ደግሞ የህንድ ሎረል መጣ። የገረጣው ሰሌዳና የቀለም ፍለጋው የበዛው በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ "ቀለም ዛፍ ያድናል" የሚል ክርክር ይነሣል። ገርጣ ያለው እንጨት ከጠቆረ ጥቁሩን ዛፍ የሚቆርጥ አይኖርም፤ ይህ ለጆሮ ደስ ይላል። ግማሹም እውነት ነው፦ መስመር ያለበት ዞጲ ተቀብቶ ከተሸጠ ጫካ ውስጥ ከሚበሰብስ ይሻላል። ችግሩ ሠሪው ቀብቶ ዝም ሲል ነው። ገዢው ድፍን ጥቁር ማለት ጤነኛ ዞጲ፣ ውድ ዞጲ ማለት ነው ብሎ ማመኑን ይቀጥላል። በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ ይጠይቃል። ጥያቄው ደግሞ ከሱቁ ተነሥቶ መጥረቢያው ጋ ይደርሳል። የተደበቀ ቀለም ዛሬ አንድ ግንድ ቢያተርፍ፣ አሥሩን ያስጣለውን ምርጫ ግን እንዳለ ያቆየዋል።

በገዛ ቤዙ ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው መብቱ ነው። የገዛው ዕቃ ነው፣ ሌላ ሰው አላታለለም። ወቀሳው የሚገባው በካታሎግ "ዞጲ" ብሎ ጽፎ በጨርቅ ያጠቆረውን ለሚሸጠው ነው። ለመጻፍ የሚከብድ ነገር የለውም፦ "የተቀባ"። አንዲት ቃል ናት፤ ከዋጋው ጎን ቦታ አታጣም። የማይጽፍ ሻጭ ሲገጥም ገዢው የሰሌዳውን ጫፍ በነጭ ጨርቅና በጥቂት አልኮል አሸት አድርጎ ይመልከት፤ ጨርቁ ከጠቆረ የዋጋውን ክርክር ከዚያ ይጀምር።