የመግቢያ ፈቃድ የሥራ ፈቃድ አይደለም!

ሥራ በሚለው ቃል ትርጉም ላይ በሠራተኛውና በድንበር ሹሙ መካከል ስምምነት የለም። ለፎቶግራፍ ባለሙያው ሥራ ማለት ካሜራውን አንሥቶ፣ ብርሃኑን መዝኖ፣ ምስሉን መቅረጽ ነው። ለኢሚግሬሽኑ ሹም ግን ይህ ሁሉ ድካም ትርጉም የሚያገኘው ክፍያው ከየትኛው አገር ኪስ እንደሚወጣ ከታወቀ በኋላ ነው። ለሠርግ፣ ለበዓልና ለኤግዚቢሽን ወደ ውጭ የሚጓዙ ፎቶ አንሺዎች ከየሠፈራችን በሚነሡበት በአሁኑ ወቅት ይህን ልዩነት በቅጡ አለመረዳት የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ በመሆኑ፣ ጉዳዩ በነዋሪዎች ማኅበራትም ሆነ በየሥራ ቦታው ውይይት ሊደረግበት ይገባል።

ከአሜሪካ እንጀምር። የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቆንስሎቹ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የቆመ ምስል የሚያነሣ ባለሙያ «ቢ አንድ» በሚባለው የንግድ ጉብኝት ቪዛ ገብቶ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ይችላል፤ ሆኖም ከአሜሪካ ምንጭ አንዳችም ገቢ ማግኘት የለበትም። ለውጭ አገር የዜና ማሠራጫ የሚሠራው «አይ» የተባለ የመገናኛ ብዙኃን ቪዛ አለው። በሙያው የላቀ ዝና ያተረፈው ደግሞ በአሜሪካዊ አሠሪ ወይም ወኪል አመልካችነት «ኦ አንድ» የተባለውን ሊያገኝ ይችላል። እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የቀን መቁጠሪያ ለሚያሳትም ድርጅት የዋሽንግተንን አደባባዮች የሚያነሣ ባለሙያ በሕጉ ጥላ ሥር ነው። ይኸው ሰው በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ካሜራ፣ የአገሩን ልጆች ሠርግ ሜሪላንድ ውስጥ አንሥቶ ከሙሽራው ዶላር ሲቀበል ግን ሕግ ተላልፏል። የተለወጠው ከፋዩ ብቻ ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው። ጋባዡ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ወይም አብሮ አደግ ስለሆነ ነገሩ የሥራ ውል መሆኑ ይረሳል። «በጉብኝት ቪዛ ና፣ የሁለት ቀን ነገር ነው፣ ማን ያይሃል?» ይባላል። ማን እንደሚያየው የሚታወቀው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደረስ ነው። ሁለት ካሜራ፣ አራት ሌንስ፣ መብራትና ማቆሚያ ተሸክሞ «ለጉብኝት ነው የመጣሁት» የሚል ሰው ጥያቄ ይከተለዋል፤ ስልኩ ከተፈተሸም ስለ ዋጋ የተጻጻፈው መልእክት ቁልጭ ብሎ ይገኛል። በዚያው በር ላይ በአፋጣኝ ሥርዓት እንዲባረር ከተወሰነበት ሕጉ ለአምስት ዓመት ከዚያ አገር ያግደዋል። ሹሙን በሐሰት ቃል አታሏል ከተባለ እገዳው የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ሙሽሮቹ ከመንደራቸው ሌላ አንሺ ፈልገው ሠርጋቸውን ያደምቃሉ። የቲኬቱ ዕዳ፣ የተዘጋው በርና የጠፋው የሥራ ዘመን የሚቀሩት ግን ለፎቶ አንሺው ነው። በትርፉ ሁለቱም ሊጠቀሙ ተስማምተው ሳለ፣ አደጋው በሙሉ በሙያው በሚያድረው ላይ ብቻ ማረፉ ሊሰመርበት ይገባል።

በዚህ ረገድ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ያሻሻለችው ሕግ ልብ ሊባል ይገባዋል። ያለ ሥራ ፈቃድ ሰው የሚያሠራ አሠሪ ከ100,000 እስከ 1,000,000 ድርሃም ይቀጣል ይላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ስላለው የሠራተኛ አያያዝ የምንናገረው ወቀሳ ብዙ ነው፤ ጣትን ወደ አሠሪው ማዞሩ ግን ትክክል ነው። ይህ ማለት ሠራተኛው ከተጠያቂነት ያመልጣል ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ሳዑዲ ዓረቢያም ከመስከረም 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የምትሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለክፍያ መሥራትን አይፈቅድም።

ወደ አውሮፓ ስንዞር ደግሞ ሌላ ወጥመድ እናገኛለን። የሸንገን ቪዛ በ29 አገሮች፣ በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ለመቆየት ያስችላል። መሥራት ይቻል እንደሆነ የሚወስነው ግን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ነው። በአንዱ አገር ያለ ችግር የተሠራው በጎረቤቱ ሊያስቀጣ ይችላል።

እስካሁን የተናገርነው ለሁሉም አገር ፎቶ አንሺ ይሠራል። በሩ ለሁሉም እኩል ተከፍቷል ማለት ግን አይደለም። በ1944 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለጉብኝት ወይም ለአጭር ጉዳይ የሚያመለክተውን ሰው፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ሊቀር እንደሚመጣ አድርጎ ይገምተዋል። ቋሚ ደመወዝ፣ ቤትና የባንክ ሒሳብ ያለው ይህን ግምት ማፍረስ ይቀለዋል፤ በቀን ሥራ የሚኖረው ወጣት ባለሙያ ምን ያቀርባል? ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያ ዜጎቿን በመመለስ በኩል አልተባበረችም በማለት ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የሚሰጠውን ውሳኔ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውንም ቪዛ ከለከለ። በሁለት መንግሥታት መካከል ለተነሣ ክርክር ቀጠሮው የሚያልፍበት ፎቶ አንሺ መያዣ ሆነ ማለት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ለአብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ተጓዦች የምትሰጠውን ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆን ወሰነች።

የሙያ ማነስ እንዳልሆነ ሥራው ራሱ ይመሰክራል። አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው «አዲስ ፎቶ ፌስት» ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለምን ፎቶ አንሺዎች ወደ አዲስ አበባ ጠርቷል። ሙሉጌታ አየነ በበረራ 302 አደጋ ሥፍራ ያነሣቸው ምስሎች በ2012 ዓ.ም. የዓለም ፕሬስ ፎቶን የአንደኝነት ሽልማት አግኝተዋል። የውጭ አገር ካሜራም ወደ እኛ ሳይመጣ አልቀረም፤ በ1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ከእንግሊዝ ቴሌቪዥን ዘጋቢ ጋር የቀረጸው የኮረም ምስል ዓለምን ያነቃነቀው በያኔው መንግሥት የጉዞ ፈቃድ ከገቡ በኋላ ነበር። የውጭው አንሺ ሲመጣ የሚጠየቀው ምን እንደሚያነሣ ነው፤ የእኛው ሲሄድ የሚጠየቀው ይመለስ እንደሆነ ነው።

አገር በራሱ በር ላይ የማዘዝ መብቱን አንክድም። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የውጭ አገር ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳይቀጠር ይደነግጋል። በመሆኑም የሌላውን ሕግ በተንኮል ለመሻገር መሞከር የመብት ትግል ሊባል አይችልም፤ «የፎቶ አንሺ ቪዛ አለኝ» እያለ በየካፌው ገንዘብ የሚሰበስበው ደላላም የባለሙያው ወዳጅ አይደለም።

ባለሙያው ከመነሣቱ በፊት ማን፣ ከየት አገር፣ ስንት እንደሚከፍለው የሚገልጽ ውል በጽሑፍ ይያዝ፤ በማመልከቻውም ላይ ሥራውን በስሙ ይጥራ። ካሜራዎቹንና ሌንሶቹን ከነመለያ ቁጥራቸው ዘርዝሮ ሲወጣ በጉምሩክ ያስመዝግብ፤ አለዚያ ሲመለስ ዕቃው የራሱ መሆኑን ማስረዳት ሊቸግረው ይችላል። የአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ የሸንገኑ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። ይህን ወጪና ትክክለኛው ቪዛ የሚጠይቀውን ሁሉ መሸፈን ያለበት ጋባዡ እንደሆነ በውሉ ይግባ። የፎቶ አንሺዎች ማኅበራት አንድ ገጽ ናሙና ውል አዘጋጅተው በየስቱዲዮው ቢያድሉ ወጪው ከአንድ ሰው የቪዛ ክፍያ አይበልጥም።