«እኔ እንኳ ተማሪ ነኝ»



በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ወደ ቤይሩት ከሚገቡት ወገኖቻችን መካከል ጥቂቶቹ የሚመጡት በሥራ ኮንትራት አይደለም። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለመከታተል የመግቢያ ደብዳቤ ይዘው ነው። በ1866 የተመሠረተው የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከ2012 ጀምሮ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን የነፃ ትምህርት መርሐ ግብር በመሳተፉ፣ ከአፍሪካ የሚመጡ ወጣቶች በግቢው መታየት ከጀመሩ ቆይተዋል። በ1875 ኢየሱሳውያን ያቋቋሙት የቅዱስ ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲም በከተማይቱ ሌላው ትልቅ የትምህርት ደጅ ነው፤ ምንም እንኳ በአመዛኙ በፈረንሳይኛ ስለሚያስተምር በእንግሊዝኛ ለተማሩት ልጆቻችን በሩ ጠበብ ቢልም።

ቁጥራቸው ከቀረነው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም መምጣታቸው በመካከላችን አንድ ጥያቄ አስነሥቷል፤ እርሱንም ሳናድበሰብስ ልንነጋገርበት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይኸውም፣ «ኢትዮጵያዊት» የሚለው የአገር ስም በሕዝቡ አፍ የሥራ ስም በሆነበት ከተማ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከማን ጋር ይቆማል የሚለው ነው።

ነገሩ ለሴቶቹ ተማሪዎች ይበልጥ ቅርብ ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንዷ ዳቦ ልትገዛ ወደ ሱቅ ስትገባ ባለሱቁ ማዳሟ የት እንዳለች ይጠይቃታል። ቤት ልትከራይ ስትሄድ አከራዩ ለማን እንደምትሠራ ማወቅ ይሻል። እርሷም ትደነግጣለች፤ ወዲያውም «እኔ እንኳ ተማሪ ነኝ» ትላለች። በእንግሊዝኛ ይሁን በተሰባበረ ዓረብኛ ብትናገረው፣ በልቧ ያለችው «እንኳ» ግን አማርኛ ናት። ተማሪ መሆኗን መናገሯ እውነት ነው፤ የነዋሪነት ፈቃድ በሚሰጥበት መስኮት ፊትም ሊነገር የሚገባው እውነት ነው። ያቺ አንዲት ቃል ግን ሌላ መልእክት ትጨምራለች፤ «ከእነዚያ ጋር አትቁጠሩኝ» ትላለች።

በወጣቶቹ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈርድባቸውም። በአገሩ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ፣ መንደሩ ሁሉ የመረቀው ልጅ አውሮፕላን በወረደ ማግሥት ከሊፍቱ እንዲወጣ በዓይን ሲነገረው ምን እንደሚሰማው ለመገመት ብዙ ምናብ አይጠይቅም። የምለው፣ ያቺ ቃል የተፈለገችበትን ሥራ አትሠራም ነው። የናቀው ሰው የናቀው ሥራዋን ብቻ አይደለምና። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከወጣበት ከ1946 ጀምሮ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል፤ አንድ ኅብረተሰብ በእንዲህ ያለ ሕግ ሥር ለብዙ ዘመን ሲኖር፣ ጥቁር ቆዳ ባየ ቁጥር ያንኑ ማሰብ ይለምዳል። ለዚህ ልማድ የተማሪ መታወቂያ ማሳየት ለአንድ ደቂቃ ያገለግል ይሆናል። በሚቀጥለው መንገድ ላይ ያው ጥያቄ ይጠብቃል።

ከዚህም የሚብሰው ኪሳራው ነው። ከእህቶቻችን የሚርቅ ተማሪ ይህችን ከተማ ከሚያውቋት ሰዎች መራቁ ነው።

ስለ ከተማይቱ እውቀት ጥቂት ልዘርዝር። በቤይሩት መንግሥት የሚሰጠው መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀረውን የሰፈር ጄኔሬተር ያላቸው ሰዎች በወር ክፍያ ይሸፍኑታል። ክፍያው በአምፔር የሚቆጠር ሲሆን ብዙ አነስተኛ ቤቶች የሚያስገቡት 5 አምፔር ነው። በ5 አምፔር የእንጀራ ምጣድ አይሰካም፤ ማሞቂያና የውኃ ማፍያ በአንድነት ከተሰኩም ቤቱ ይጨልማል። ተማሪው ይህን የሚያውቀው ጽሑፉን ሳያስቀምጥ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋበት ይሆናል፤ እርሷ ግን ከዓመታት በፊት ታውቀዋለች። የጋራ ታክሲ፣ ማለትም ሰርቪስ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ሾፌሩ «ሰርቪሴን» ካለ የሁለት ሰው ሒሳብ እየጠየቀ መሆኑን ታውቃለች። የሊባኖስ ሊራ እስከ 2019 ድረስ ለአንድ ዶላር 1,507 ያህል የነበረው ዛሬ ወደ 89,500 በወረደበት ገበያ፣ ዋጋው በየትኛው ገንዘብ እንደተነገረና የተቀደደ የዶላር ኖት ማን እንደማይቀበል ታውቃለች። በርበሬና እንጀራ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ ከየትኛው ሱቅ እንደሚገኝ መጠየቅም እርሷን ነው።

ከሁሉ በላይ ዓረብኛ ታውቃለች። ይህን ነገር አቅልለን ማየት ልማዳችን ነው። ያለ መምህር፣ ያለ መጽሐፍ፣ ብዙ ጊዜም በቁጣ መካከል ሆና፣ የማዳሟን ፊት እያነበበች አንድን ቋንቋ የተማረች ሴት በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሊደነቅ የሚገባው ነገር ሠርታለች። የእንግሊዝኛ ምስክር ወረቀት ይዞ የመጣው ወንድማችን ግን ከጥበቃው ጋር ለመግባባት እጁን ሲያወናጭፍ ይታያል። ይህችው ሴት በሀገር ቤት ብትሆን «እትዬ» ብሎ የሚጠራት ነበረች። እዚህ «ልጅቷ» ሲላት ስሰማ ይከፋኛል፤ የክብር አጠራራችንን ከሻንጣችን ያወጣው የትኛው ጉምሩክ ነው?

በክፍል ውስጥም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀላል አይደሉም። ውዥንብሩ ከትንንሹ ነገር ይጀምራል። በመርሐ ግብሩ 9 ሰዓት የተባለው ትምህርት በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ነው። የትውልድ ዘመን ከእኛ ወደ እነርሱ አቆጣጠር ሲገለበጥ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፤ በሁለት ሰነዶች ላይ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከተጻፈ መዘዙ ብዙ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባት ስም ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ መምህሩ ዓመቱን ሙሉ የሚጠራው አባትዬውን ነው። የአገሩ መንግሥት ወረቀት ደግሞ የእናትንም ስም ይሻል።

ከዚህ የሚከብደው የዝምታ ጉዳይ ነው። መምህር ሲናገር ዝም ብሎ ማዳመጥን እንደ አክብሮት ተምረን አድገናል። በሁለተኛ ዲግሪ ክፍል ውስጥ ግን ዝም ያለ ተማሪ ጽሑፉን እንዳላነበበ ይቆጠራል፤ በውይይት መሳተፍ በብዙ ኮርሶች ነጥብ አለው። የመምህሩን ሐሳብ በጨዋ ቃል መቃወም እዚህ ብልግና አይደለም። የሌላውን ጽሑፍ ምንጩን ሳይጠቅሱ መውሰድ ግን ከትምህርት እስከ መባረር ሊያደርስ የሚችል ጥፋት ነው፤ ሳያውቁ መፈጸማቸውም ዘወትር ሰበብ አይሆንም። ስለዚህ አዲሱ ተማሪ በመጀመሪያው ወር የጽሕፈት ማእከሉንና የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች ይጎብኝ፤ አማካሪው እስኪጠራው ድረስም አይጠብቅ፤ ቀጠሮውን ራሱ ይጠይቅ።

ይህን ሁሉ ስል ተማሪውና የቤት ሠራተኛዋ በአንድ ዓይነት ስደት ላይ ናቸው ማለቴ አይደለም። «ሁላችንም ስደተኞች ነን» የሚለው አነጋገር በየስብከቱ ይወደዳል፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት ይሸፍናል። የተማሪው ፈቃድ የተመሠረተው በዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ላይ ነው። የእርሷ ፈቃድ በካፋላ ሥርዓት ከአንድ አሠሪ ስም ጋር የታሰረ ነው፤ ያለ እርሱ ስምምነት ወደ ሌላ ቤት ብትሄድ ሕገ ወጥ ትሆናለች። እርሱ ፓስፖርቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ የብዙ እህቶቻችን ፓስፖርት በአሠሪ መሳቢያ ውስጥ ነው። በ2020 ኤኮኖሚው ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው በቤይሩት ካለው የአገራችን ቆንስላ ደጅ ጥለዋቸው መሄዳቸውን ዓለም በምስል አይቷል። ተማሪ እንዲህ አይጣልም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ተማሪ፣ ወዳጅነቱ ቅን ቢሆንም፣ «ለምን ትተሽው አትወጪም?» ብሎ በቀላሉ ይመክራል። ምክሩ ለእርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለእርሷ እስር ቤት ሊሆን ይችላል። ጉዳይ ያላትን እህት ካሪታስ ሊባኖስ ከ1994 ጀምሮ ወዳቋቋመው የስደተኞች ማእከል አብሮ መሄድ ከምክር ይሻላል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ መመረቂያ ጽሑፍም አንድ ነገር ማለት ይኖርብኛል፤ ጉዳዩ ስስ ነውና። ከሚመጡት መካከል የኅብረተሰብ ጤና የሚያጠኑ አሉ፤ ስለ ስደተኛ ሠራተኞች ኑሮ ለመጻፍ መፈለጋቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቅዳሴ በኋላ ገና ስሟን ሳይጠይቅ የድምፅ መቅጃ የሚያወጣ ሰው ወንድም አይመስልም። ዩኒቨርሲቲው በሰው ላይ ለሚደረግ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የተጠያቂውን ስምምነት ይጠይቃል። ስምምነቱ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። አክብራው የምትሰማው የተማረ ወንድሟ ሲጠይቃት «እሺ» የምትል እህት ግን በእርግጥ መስማማቷን በምን እናውቃለን? እምቢ ማለትን ነውር አድርገን ያሳደግናት እኛው ነን። እኔን ቢጠይቁኝ፣ ተማሪው ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያለ ማስታወሻ ደብተር ይምጣ እላለሁ። የጥናቱ ጥያቄም በዚያ ይሻሻል ይሆናል።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ቀደምነው ልመለስ። እኛም ተማሪውን የምንቀበልበት መንገድ እንዲርቅ የሚያደርገው ጊዜ አለ። በመጀመሪያው እሑድ «ምሁራችን» ብለን ከፊት ወንበር እናስቀምጠዋለን፤ በሁለተኛው እሑድ ማይክራፎን እንሰጠዋለን፤ በሦስተኛው የሁላችንንም የፍርድ ቤትና የቆንስላ ጉዳይ እናሸክመዋለን። እርሱ ገና የራሱን የነዋሪነት ፈቃድ አልጨረሰም። ሳይመጣ ሲቀር «ኮራ» እንላለን። ያልኮራ፣ የደከመ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ገንዘብ የለውም። በሀገር ቤት «ዓረብ አገር ገባ» ከተባለ ሰው ሁሉ ገንዘብ ይጠበቃል፤ የነፃ ትምህርት ድጎማ ደግሞ ከደመወዝ ጋር ይምታታል። ድጎማው ግን ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለመጻሕፍት ተቆጥሮ የሚሰጥ ነው። የእናትን ስልክ እየተሳቀቁ ማንሣት ምን እንደሆነ ከእህቶቻችን በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ይህን ነገር ለቤተሰብ እንዴት እንደሚናገር ሊያስተምሩት የሚችሉት እነርሱ ናቸው። ቢቻል በመጀመሪያው ወር ይናገር። አንዴ ተበድሮ ከላከ በኋላ «የለኝም» የሚለውን የሚያምን አይገኝም።

ይህ መቀራረብ በክፉ ቀን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አይተናል። በ2024 መኸር ጦርነቱ በበረታ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው መልእክት ይልኩ ነበር። በየቤቱ የተቆለፈባቸው ወይም ጎዳና ላይ የቀሩ ሠራተኞች ግን የሚያስታውሳቸው ተቋም ጥቂት ነበር። በአሽራፊዬ የሚገኘው የኢየሱሳውያን የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሩን ከፍቶ መጠለያ ያጡትን አሳድሯል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ማን የት እንዳለ የሚታወቀው አስቀድሞ ስልክ ቁጥር በተለዋወጡ ሰዎች መካከል ብቻ ነው።

ለብዙዎቹ እህቶቻችን እሑድ የሳምንቱ ብቸኛ ዕረፍት ነው፤ ለአንዳንዶቹ እርሱም የለም። ለተማሪው ደግሞ እሑድ የቤት ሥራ የሚከመርበት ቀን ነው። ሁለቱ የሚገናኙባቸው ሰዓታት ጥቂት ናቸውና በመጪው መስከረም ከኋላ ወንበር አዲስ ፊት ስታዩ ስለ ዲግሪው አትጠይቁት፤ በየት ሰፈር ቤት እንዳገኘና ስንት አምፔር እንዳስገባ ጠይቁት። የኪራይ ውሉን ገና ካልፈረመም፣ ዓረብኛ ከምትችሉት አንዳችሁ ከመፈረሙ በፊት አብራችሁት ሂዱ።