መጅሊሱ ምን እንዲሠራልን ነው?



የተከበራችሁ የነቀምት፣ የጊምቢ፣ የነጆ፣ የመንዲና የደምቢ ዶሎ ጀመዓዎች!

ከጥር 2004 ጀምሮ ያነሳናቸውን ሦስት ጥያቄዎች ልጆቻችን ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘዋቸዋል፦ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፤ የመጅሊስ መሪዎቻችንን በመስጂዶቻችን እንምረጥ፤ አወሊያ በነጻ ቦርድ ይተዳደር። የተሰጠን መልስ የወኪሎቻችን መታሰርና መስከረም 27 ቀን 2005 በየቀበሌው የተካሄደው «ምርጫ» ነበር። የመስጂድ ሰው ድምፁን ለምን ቀበሌ ሄዶ እንዲሰጥ እንደተፈለገ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል።

ዛሬ የምናነሳው ሌላ ነገር ነው። በመስጂዳችን የምንመርጠው መጅሊስ ምን እንዲሠራልን ነው? «እሱ ለነገ ይቆይ፣ አሁን የትግል ጊዜ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አንስማማም። ለነገ የተባለው ጉዳይ ምን እንደሚያስከትል አንዴ አይተነዋልና።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ 13 ጥያቄ ይዘው ነበር። በዓሎቻችን እንዲከበሩ ጠየቁ፣ ተከበሩ። ሀገር አቀፍ ምክር ቤት እንዲኖረን ጠየቁ፣ በ1968 መጅሊሱ ተመሠረተ። ታላቅ ድል ነበር። ነገር ግን የመጅሊሱ አባል ማን ነው? መሪው የሚጠየቀው ለማን ነው? ከሥልጣኑ የሚያወርደውስ ምን ዓይነት ጥፋት ነው? ይህን ምእመኑ ራሱ ተቀምጦ አልወሰነውም። ባዶ የተተወውን ቦታ ሌላ ሞላው። በየካቲት 1987 በታላቁ አንዋር መስጂድ ደም የፈሰሰው በዚሁ በመጅሊሱ ውዝግብ ነው። በ2004 የታገልነውም በስማችን ከሚጠራ ቤት ጋር ነበር፤ ቁልፉ ግን በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር።

ዓላማ ጻፉ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «ሰላም፣ ልማት፣ አንድነት» ይላል። እነዚህ ቃላት በየትኛውም ቢሮ ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ ያምራሉ። ማንም ስለማይጥሳቸው ማንም አይጠየቅባቸውም። አሕባሽን በየመድረኩ ሲግቱን «ለሰላም» አልነበረም እንዴ የተባለው?

ሒልፈል ፉዱልን አስታውሱ። ከየመን ዘቢድ የመጣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ለአል-ዓስ ኢብን ዋኢል ሸጦ ዋጋውን ተከለከለ። ሰውየው መካ ውስጥ ጎሳ የለው፣ ዘመድ የለው። በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት የተሰበሰቡት ሰዎች የተማማሉት በአንድ ነገር ነው፦ በመካ የተበደለ ማንም ይሁን ማን፣ መብቱ እስኪመለስ ከእሱ ጎን እንቆማለን። ከዚያ ወደ አል-ዓስ ሄደው የነጋዴውን ሐቅ አስመለሱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነት በፊት በዚያ ቃል ኪዳን ላይ ተገኝተዋል፤ በእስልምናም ዘመን ለእሱ ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። የዚያ ማኅበር አባል ቃሉን ቢያጥፍ ማጠፉ በዚያው ቀን ይታወቅበት ነበር። የእኛም ዓላማ እንደዚያ ይጻፍ። «የሐጅ ገንዘብ ሒሳብ በየዓመቱ በጀመዓ ፊት ይነበባል።» «የቀብር ቦታ ያጣ ጀመዓን ይዞ በየደረጃው አቤት የሚለው መጅሊሱ ነው።» «ኢማም የሚሾመውም የሚሽረውም ጀመዓው ነው።» እንዲህ ከተጻፈ ያልፈጸመው ሰው መደበቂያ አይኖረውም።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። በወለጋ ከተሞች አንድ ሶፍ ላይ የሚቆመው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። የአካባቢው ተወላጅ ኦሮሞ አለ፤ በ1977 ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ አለ፤ የስልጤና የጉራጌ ነጋዴ አለ። ከአባቶቻችን ብዙዎቹ ቲጃኒዎች ናቸው። ወደ ያኣ፣ ወደ አል-ፋቂ አሕመድ ዑመር መቃብር የሚሄድ አለ፤ መሄዱን አጥብቆ የሚነቅፍም አለ። አሕባሽን የተቃወምነው አስተምህሮውን ስላልወደድነው ብቻ ነበር? አይደለም፤ በመንግሥት ጉልበትና በመጅሊስ ማኅተም ስለተጫነብን ነው። እንግዲያው ነገ ማኅተሙ እኛ እጅ ሲገባ በዚያው ማኅተም ያኣ የሚሄደውን ሰው ከመስጂዱ ልናባርር ነው? ወይስ የሚነቅፈውን አፉን ልናዘጋ? ኡለማዎቻችን ይከራከሩ፣ ያስተምሩ፣ ይገስጹ። መጅሊሱ ግን የየትኛውም ወገን በትር አይሁን። ይህ ዛሬ ካልተጻፈ ነገ የሚጽፈው የለም።

ገንዘብም ሌላው ነው። በዚህ ከጎረቤት መማር ነውር የለውም። የወለጋው ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1964፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለውጭ ረጂዎቿ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ለልማት ትሰጣላችሁ፣ ለስብከት ትሰስታላችሁ፤ ሰውን ለሁለት አትክፈሉብን የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። እምነቱ የእኛ አይደለም። ሰዎቹ ግን የሚሰጣቸው ሰው ዓላማቸውን እንዲወስንላቸው አልፈቀዱም። እኛስ? አሠልጣኝ ከሊባኖስ ሲመጣብን ጮኸናል፤ ተገቢ ነው። ነገ ከባሕረ ሰላጤው ከነቅድመ ሁኔታው የሚመጣውን ገንዘብ ግን ዝም ብለን ልንቀበል አይገባም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርትና አስተዳደር ተቋማትን ማቋቋም እንደሚችሉ ይላል። አማኞች ነው ያለው። ቀበሌ አላለም።

ስለዚህ በየመስጂዱ ከጁሙዓ በኋላ ጥቂት ሰዎች ቆዩና ጀምሩት። ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። በኦሮምኛም በአማርኛም ይጻፍ፤ በአንዱ ብቻ ከተጻፈ ግማሹ ሶፍ ሳይሰማው ያልፋል። ሴቶች መስገጃ ዘንድ ተነቦ የእነሱ ሐሳብ ይግባበት፤ በየጁሙዓው ተቃውሞ ልጅ አዝለው የቆሙትን እህቶች ውሳኔ ላይ መርሳት አይቻልም። ከዚያ ነቀምት ከጊምቢ፣ ጊምቢ ከደምቢ ዶሎ ጋር ያስተያየው። ጽሑፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቀመጥ፤ ያ ሰው ቢታሰር ቅጂው በሌሎች ሦስት ቤቶች ይገኝ።