ዝም ይነቅዛል

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። ለሌላው ነገር ይሠራ ይሆናል። ቋንቋ በሚማር ልጅ አፍ ውስጥ ግን ዝም ይነቅዛል፤ ነቅዞም አይተነዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ደነገገ። ይሁንና አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምሮ፣ ለሥራ ሲቀርብ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ቢሉት ላብ የሚያጠምቀው ወጣት በየቤታችን አለ። ሰዋስው ጠይቁት፤ ያንበለብለዋል! «ዓይነ አፋር ስለሆነ ነው» ይሉናል። እኔ አልቀበልም።

ሂሳቡን እንሥራው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 40 ደቂቃ ለሁሉም ቢታደል ለአንዱ 40 ሴኮንድ ይደርሰዋል፤ ያውም መምህሩ ትንፍሽ ሳይል። መምህሩ ግን ከደወል እስከ ደወል ብቻውን ያወራል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የመጣው ፕላዝማማ ባሰ፤ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ራሱ መልሶ ያልፋል። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ምልልስ ጽፎ «ከአማራጮቹ ምረጥ» ይላል። ልጁ አፉን ሳይከፍት በንግግር ነጥብ ያገኛል!

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ያወጣውን ቅኔ በገዛ አንደበቱ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፤ ስለ ቅኔ ሲወራ በመስማት ብቻ ባለቅኔ የሆነ የለም።

ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ለ10 ደቂቃ ቢያነጋግሯቸው ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይደርሰዋል። «ተነጋገሩ» ብሎ መተው ግን ማስተማር አይደለም። አንዱ የአውቶቡሱን መነሻና ሰዓት ይያዝ፤ ሌላው ጠይቆ ይድረስበት። የማያውቀውን የሚፈልግ ልጅ ሳይወድ ይናገራል። «ይቅርታ፣ አልገባኝም»፣ «ምን ማለትህ ነው?» የሚሉትን የጨዋታ ማስቀጠያዎች መምህሩ አስቀድሞ ያስይዛቸው። ከዚያ በመካከላቸው እየተዘዋወረ ያዳምጥ፤ ስሕተቱን በማስታወሻው ይያዝ እንጂ ቃል ከአፋቸው አይንጠቅ። በመጨረሻ የማንንም ስም ሳይጠራ በሰሌዳው ላይ ያርመው። በተሳሳተ ልጅ ላይ የሚስቀውን ደግሞ ቀድሞ ይገሥጽ፤ ብዙውን አንደበት የዘጋው ያ ሣቅ ነውና።

«መምህሩ ራሱ መቼ አፉን ፈታ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እሱም የዚያው ዝምተኛ ክፍል ልጅ ነው። እንግዲያው ማሠልጠኛው ከእሱ ይጀምር።

«ክፍሉ ይረበሻል» የሚሉ ርእሰ መምህርም አይጠፉም። ይረበሻ! ጸጥ ባለ ክፍል የታፈነ ልጅ ነው ነገ በአሠሪ ፊት የሚንተባተበው።