«ሸሪክ» የተባለው ሠራተኛ

መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ባለገንዘብ ብዙ ጊዜ «ሠራተኛ አለኝ» አይልም፤ «ሸሪክ አለኝ» ይላል። መሬቱን ከገበሬ ይከራያል፤ የውሃ ሞተሩን፣ ዘሩንና ማዳበሪያውን ያቀርባል። ጉልበቱን ያዋጣው ወጣት ደግሞ ምርቱ ተሽጦ ወጪው ከተቀነሰ በኋላ ድርሻውን ይቀበላል። ለሰሚው መልካም ማኅበር ይመስላል።

ነገር ግን መቼ እንደሚረጭ፣ ለየትኛው ደላላ በስንት እንደሚሸጥ የሚወስነው ማን ነው? ወጣቱ አይደለም። የወጪው ደብተርም በእጁ የለም። የቲማቲሙ ሳጥን ዋጋ ሲያጣ ግን ኪሳራው ሳይጓደል ይደርሰዋል። (የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የሻረው ጭሰኛ ቢያንስ ጭሰኛ መባሉን ያውቅ ነበር!)

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በአንቀጽ 4፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ በአሠሪ መሪነት ሥር ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት የተስማማን ሰው ሠራተኛ ያደርገዋል። አንቀጽ 3 ደግሞ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራውን ከአዋጁ ያስወጣዋል። ከዚህች መስመር ወዲህ የቆመው በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ቢሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው፤ በሥራ ላይ ቢጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ወዲያ የተጣለው ግን ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል መርጫ ተሸክሞ ቢታመም «የራስህ ሥራ ነው» ይባላል።

«ፈቅዶ የገባበት ነው» የሚሉ አሉ። እንግዲህ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው 198ኛ ምክረ ሐሳብ መታየት ያለበት ተዋዋዮቹ ለውሉ የሰጡት ስም ሳይሆን የሥራው እውነተኛ አፈጻጸም ነው ብሏል። የምርት ድርሻ ደመወዝ ይባላልን? ይህ በእርግጥ ያከራክራል፤ ክርክሩ ግን ፍርድ ቤት መድረስ አለበት።

ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት አልሻም። ለባለንብረቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ የሚያስገባው የባጃጅ ነጂ መንገዱን ራሱ ይመርጣልና ጉዳዩ ይከብዳል። በራሱ ሞተር፣ በራሱ ማሳ የሚያለማውም እውነተኛ ባለሥራ ነው።

ለ«ሸሪኩ» ግን ጊዜ አይጠብቅም። ያልተከፈለ ደመወዝ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ «ሒሳቡ ይተሳሰባል» እየተባለ የሚቀጠረው ወጣት ይህን የሚነግረው የለም። የሕግ ተማሪ ወገኖቼ በዕረፍታቸው ሁለት ሳምንት መቂ ቢቀመጡ፣ የወጪው ደብተር በሁለት ቅጂ እንዲያዝ፣ አንዱም በወጣቱ እጅ እንዲቀር ማድረግ ይችላሉ።