የመታወቂያው ስህተት ሲያከራክር ዳኛው ማን ነው?

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የከተማ ነዋሪው ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የባንክ አገልግሎት ከቁጥሩ ጋር እየተሳሰረ በመምጣቱ፣ እህሉን ሸጦ ገንዘቡን በሂሳቡ የሚያስቀምጠው የወረኢሉ አርሶ አደርም ሆነ የመካነ ሰላሙ ነጋዴ መረጃው በትክክል መመዝገቡ ግድ ይለዋል። ምዝገባው በሰፋ ቁጥር ግን ስህተቱም ይበዛል። ያን ጊዜ የሚነሣው ዋና ጥያቄ ስህተቱ የማን ነው የሚለው ነው። የባለጉዳዩ? የመዝጋቢው? ወይስ የሶፍትዌሩ?

ፋይዳ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። የተገነባው ሞሲፕ በተሰኘ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2018 በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ ሥራ ነው። ፊሊፒንስና ሞሮኮም ተጠቅመውበታል። ክፍት ምንጭ ማለት የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለማንም ይፋ የሆነ፣ ማንም መርምሮ ስህተቱን ሊጠቁምና ማሻሻያ ሊያቀርብበት የሚችል ማለት ነው። ይህ ማለት ግን የዜጎች የግል መረጃ ለሁሉም ክፍት ነው ማለት አይደለም፤ ይፋ የሆነው አሠራሩ እንጂ መዝገቡ አይደለም።

ክርክሩ የሚከብደው የስህተቱ ምንጭ ለዓይን ስለማይለይ ነው። የትውልድ ዘመንን እንመልከት። በ1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ዘመኑ ሳይቀየር በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1980 ተብሎ ቢገባ፣ በመዝገቡ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ጥፋቱ ያልጠየቀው የመዝጋቢው ነው? ወይስ በአሥራ ሦስት ወር የሚቆጥርን ሕዝብ አስቦ ያልተሠራው ቅጽ? ስምም እንዲሁ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ናቸው። በባንክ ደብተር በአንዱ፣ በመታወቂያ በሌላው ፊደል የተጻፈ ሰው ሲስተሙ «አይገናኝም» ሊለው ይችላል። በእርፍና በማጭድ የሻከረ ጣትም አሻራው በቀላሉ ላይነበብ ይችላል። ፋይዳ ከአሥሩ ጣቶች አሻራ በተጨማሪ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል መውሰዱ ለዚህ ዓይነቱ ችግር አማራጭ ይሰጣል።

በክፍት ምንጭ ሥራዎች ዘንድ እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚዳኝበት የታወቀ ሥርዓት አለ። ስህተት አገኘሁ ያለ ሰው ምን ሲያደርግ፣ ምን ጠብቆ፣ ምን እንደገጠመው በዝርዝር ያቀርባል። ሌላው ወገን ያንኑ ደግሞ ይሞክራል። ስህተቱ ከታየ ይመዘገባል፤ ካልታየ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቃል። ጠቡ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ አበልጻጊዎቹ «ይህ ስህተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው» ብለው መዝገቡን ሲዘጉት ነው። አሠራሩ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠትን፣ አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ጉዳዩን ዳግም መክፈትን ይጠይቃል።

አገራችንን የነካ አንድ ምሳሌ አለ። የብዙ ስልኮች ሰዓት የሚመራበት ዓለም አቀፍ የሰዓት ክልል መዝገብም ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚህ መዝገብ «አዲስ አበባ» ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ የናይሮቢ ተቀጽላ ተደረገ። ምክንያቱም ከ1970 ወዲህ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት አለመለያየቱ ነበር። በ2021 አስተባባሪው ፖል ኤገርት ይህንኑ መርሕ በኦስሎና በስቶክሆልም ላይ ለመተግበር ሲነሣ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። እርሱ ለአንዱ አገር የተሠራበት መርሕ ለሌላውም ሊሠራ ይገባል አለ፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የተመዘገበ ታሪክ መደብዘዝ የለበትም አሉ። በመጨረሻም ለውጡ በደረጃ ተካሄደ፤ የቀድሞው ታሪክም ለሚፈልገው በተለየ ፋይል ተቀምጧል። በ2012 በወጣው ደንብ መሠረት አስተባባሪው የሁሉንም ሐሳብ ሰምቶ ይወስናል፤ ቅር የተሰኘ ወገንም ይግባኝ የሚልበት የበላይ አካል አለው።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይወሰዳሉ። አንደኛው፣ ውሳኔ ሰጪው የታወቀ፣ ምክንያቱ የተጻፈ፣ ይግባኙም ክፍት ከሆነ ክርክር ሥራን አያፈርስም። የወሎ ሽማግሌም ቢሆን ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። ሁለተኛው፣ በሸንጎው ያልተገኘ ሰው ጉዳዩ በሌሎች ይወሰናል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የአበልጻጊዎቹ ሸንጎ በእንግሊዝኛና በኢንተርኔት የሚካሄድ ነው፤ አርሶ አደሩ በዚያ የለም። የእርሱን አቤቱታ ወደዚያ የሚያደርሰው የምዝገባ ጣቢያው ባለሙያ ነው። ባለሙያው «ሲስተሙ አልተቀበለውም» ብሎ ከመለሰው ስህተቱ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ያልተመዘገበ ስህተት ደግሞ አይታረምም። ስለዚህ እያንዳንዱ አቤቱታ ቀንና ቁጥር ተሰጥቶት ሊመዘገብ፣ የመረጃ አሞላል ስህተት እዚያው ሊታረም፣ የሶፍትዌሩ የሆነው ደግሞ ወደ ላይ ሊተላለፍ፣ ለባለጉዳዩም መልሱ ሊነገረው ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ዜጋው የተሳሳተ መረጃውን የማስታረም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ማረም ውለታ አይደለም ማለት ነው።

ተመዝጋቢውም ድርሻ አለው። ምዝገባው ከመጠናቀቁ በፊት ስሙና የትውልድ ዘመኑ በስክሪኑ ላይ እንዲነበብለት ይጠይቅ፤ ዘመኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ያረጋግጥ፤ የተሰጠውን ማረጋገጫ ወረቀት ያስቀምጥ። ስህተት ሲገጥመው መቼ፣ የት፣ ምን እንደተባለ ይዞ ይቅረብ። የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ ወደ ወረዳ ከተማ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን እንዳይመለስ የሚያደርገው ይህ ማስረጃና ማስረጃውን ተቀብሎ የሚመዘግብ ባለሙያ ነው።